ወርቁን ያመጣው ዱላ ነው? ስለ ጃፓን ሴቶች መረብ ኳስ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስልኬ እረፍት አጥቷል። ስለ ጃፓን የሴቶች መረብ ኳስ ብሔራዊ ቡድን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራሙ ይዞራል። መጀመሪያ የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቀጥሎ የቀድሞ ተማሪዬ ላከችልኝ። በመጨረሻ የሰፈራችን የእድር ጸሐፊ፣ በሕይወታቸው ኳስ ነክተው የማያውቁ ሰው፣ «ቲቸር፣ ይሄን አንብብና ለልጆቹ ንገራቸው» ብለው አስተላለፉልኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ የስፖርት መምህር መሆን እንዲህ ነው። ኳስ የሚል ቃል ያለበት ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንተ ጋ ይመጣል።

ሁለቴ አነበብኩት። ጽሑፉ ያምራል፤ ጸሐፊው ብዕር አላቸው። የማልስማማው ከታሪኩ በሚያወጡት ትምህርት ነው። እሱን ትምህርት ደግሞ አንዳንድ መምህር ነገ ጠዋት ሜዳ ላይ ሊሞክረው ስለሚችል ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ቡድን ከምንም የተነሳ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ስብስብ ነበር ይላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለድል ያበቃቸው የአሰልጣኙ ጭካኔ ነው፤ ሴቶቹም ለምን ሳይሉ ታዘዙ፤ አሰልጣኙ ሲሄድ ቡድኑ ወደቀ። በዚያው ሳምንት በዚያው ከተማ የሮጠው አበበ ቢቂላም የዚሁ የወታደር ሥርዓት ፍሬ ነው። ስለዚህ ይላሉ ጸሐፊው፣ የኛ ሴት ልጆች ተቀማጥለዋል፤ ቁመት አጠረን፣ ሜዳ የለንም የሚባለው ሰበብ ነው፤ የጎደለን አለንጋ ነው።

ከማምነው ልጀምር። አሰልጣኙ ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ጨካኝ ነበር። አገሩ ራሱ «ጋኔኑ ዳይማትሱ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሴቶቹ ቀን የፋብሪካውን ቢሮ ሥራ ሲሠሩ ይውሉና ልምምዱን የሚጀምሩት በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። የሚጨርሱት ሌሊት 6 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ነው። ወድቃ ለምትነሳዋ ሌላ ኳስ ይወረውርባታል፤ ስድቡም አብሮ አለ። ይሄ የተመዘገበ ነገር ነው፤ ጸሐፊው አልዋሹም።

ግን ጭካኔ ብቻውን ወርቅ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የኛ ክፍል ሙሉ በሙሉ ኦሎምፒክ በሄደ ነበር። አለንጋ ጠግበን ነው ያደግነው። ያመጣነው ሜዳሊያ የለም።

እነዚያን ሴቶች ከሌላው የለያቸው ሌሎች ያልነበራቸውን ነገር ይዘው መምጣታቸው ነው። ጽሑፉ ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው፣ «ወለል ላይ ይንከባለሉ ነበር» ብሎ። እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዚያን ጊዜ ኃያላን ሶቪየቶች ናቸው። ረጃጅሞች ናቸው፣ ከላይ ነው የሚመቱት። ያንን ምት ለማዳን ተከላካይዋ መወርወር አለባት። ተወርውራ በደረቷ ከወደቀች ግን ለሚቀጥለው ኳስ የለችም፤ እስክትነሳ ነጥቡ አልቋል። ዳይማትሱና ተጫዋቾቹ የፈጠሩት ዘዴ ይሄን ይፈታል። ኳሷን ዝቅ ብላ ታወጣለች፣ በትከሻዋ ተንከባልላ በዚያው ጉልበት እግሯ ላይ ትቆማለች። መውደቁና መነሳቱ አንድ እንቅስቃሴ ሆነ። ሐሳቡ የመጣው ሲገፉት ተመልሶ ከሚቆም አሻንጉሊት ነው ይባላል።

ሰርቩም፣ ማለትም ጨዋታው የሚጀመርበት ምት፣ አለ። ኳሱን ሳይሽከረከር እንዲሄድ አድርገው ይመቱታል። የማይሽከረከር ኳስ አየር ላይ ይዋልላል፤ ተቀባይዋ አጠገብ ሲደርስ እንደ ቅጠል ዝቅ ይላል። የት እንደሚወድቅ የመታችውም እርግጠኛ አይደለችም።

ይሄ ሁሉ የተፈጠረው ደግሞ ጨዋታውን እንደገና እየተማሩ ነው። ጃፓን ውስጥ ቮሊቦል የሚጫወቱት በአንድ ወገን 9 ሆነው ነበር። ዓለም በ6 ነው የሚጫወተው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ 6 ተቀየሩ፣ በ1960 በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጡ፣ በ1961 አውሮፓን እየዞሩ የገጠሙትን ሁሉ ረቱ። «የምሥራቅ ጠንቋዮች» የሚል ስም ያወጡላቸው ያኔ ነው። (እኛ ጋ እንዲህ ያለ ስም ቢወጣላቸው ኖሮ በማግስቱ ጸበል ነበር የሚወሰዱት።) በ1962 ደግሞ ሶቪየቶችን እዚያው ሶቪየት አገር ላይ አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። እንዲህ ያለው ለውጥ ከመመታት አይመጣም፤ ተቀምጦ ማሰብን ይጠይቃል።

መንከባለሉን እኛም ሞክረነዋል። ሜዳችን ቀይ አፈር ነው፣ ጠጠር አለበት። መጀመሪያ የሞከረችው ልጅ ክርኗ ተላጠ። ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት የጤፍ ጭድ ሞልተን አንጥፈን አስተማርኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱ ቻሉት። እየጮህኩ ያስተማርኩባቸው ቀኖች አሉ፤ እየሳቅን የተማርንባቸውም አሉ። የቻሉት በየትኛው ቀን እንደሆነ ልጆቹን መጠየቅ ይቻላል።

«ከምንም ተነስተው» ወደሚለው ልሂድ። ይሄ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይመስለኛል። ፋብሪካ ሲባል ጸሐፊው ድህነትን ብቻ ነው ያዩት። ከ12ቱ ተጫዋቾች 10ሩ የመጡት ኦሳካ አጠገብ ካለው ከኒቺቦ ካይዙካ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ ልጆችን ፈልጎ ይቀጥራል። ሥራ አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ መኝታ አላቸው፣ ጣሪያ ያለው መለማመጃ አላቸው። አሰልጣኙም የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎችም የሴቶች ቡድን ስላላቸው ዓመቱን ሙሉ ተጋጣሚ አያጡም። ይሄ ከምንም መነሳት ከሆነ፣ እባካችሁ እኛንም ከዚህ «ምንም» ትንሽ አካፍሉን።

ጎጃም ውስጥ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሳ የተቋቋመው በ1961 ነው። እነዚያ ሴቶች አውሮፓን ባሸነፉበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ፋብሪካ ምን እንደሆነ ያውቃል። ፈረቃ አለ፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ አለ፣ «እኔ የጨርቃ ጨርቅ ነኝ» የሚባልበት ኩራት አለ። (ነገርን ነገር ካነሳው፣ በ1963 ባሕር ዳር ላይ የተከፈተውን ፖሊቴክኒክ የሠሩልን በቶኪዮ የተሸነፉት ሶቪየቶች ናቸው። ለተሸናፊውም ምስጋና አለን።)

ጃፓን ሩቅ ነው ካላችሁ ኬንያ አለች። የኬንያ ሴቶች በ2000 ሲድኒ ላይ ሲሰለፉ በኦሎምፒክ መረብ ኳስ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ሴቶች ሆኑ። ከዚያም አቴንስ፣ ቶኪዮ፣ ፓሪስ ሄደዋል። ተጫዋቾቹ ከየት ይመጣሉ? ከኬንያ ንግድ ባንክ፣ ከነዳጅ ቧንቧው ድርጅት ከኬንያ ፓይፕላይን፣ ከኬንያ ማረሚያ ቤቶች ክለብ። አንድ ባንክ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ እስር ቤት። ልጅቷ ኳስ በመጫወቷ ደመወዝ ታገኛለች፤ እናቷም «ይሄ ነገር ምን ያበላሻል?» ብላ አትከራከራትም።

አበበ ቢቂላን ያነሱት ራሳቸው ስለሆኑ በሱም እንነጋገር። የቀኑ ቅርበት እውነት ነው፣ እኔንም ገርሞኛል። አበበ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈው ጥቅምት 21 ነው። የሴቶቹ የመጨረሻ ጨዋታ ጥቅምት 23 ነው። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 እና 13፣ 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ግን አበበ ምን ነበር? የክብር ዘበኛ ባልደረባ። ደመወዝ የሚከፈለው፣ ለልምምድ ጊዜ የሚሰጠው፣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ሙያውን የሚያውቅ አሰልጣኝ ያለው ሰው። ሥርዓት ነበረው፣ አልክድም። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ያንን ሩጫ የሮጠ ሰው ሥርዓት የለውም ብል ማን ይሰማኛል? ግን ያ ሥርዓት የቆመው ደመወዝና ሰዓት ላይ ነው። ጸሐፊው ዱላውን አዩና ደመወዙን ዘለሉት።

«ለምን ሳይሉ ታዘዙ» ለሚለው ብዙ አልቆይም። በ1962 የዓለም ሻምፒዮን ከሆኑ በኋላ አሰልጣኙም ተጫዋቾቹም ለማቆም አስበው ነበር። ሕዝቡ እስከ ቶኪዮ ቆዩ እያለ በደብዳቤ ለመናቸው። ተመካክረው ለመቀጠል ወሰኑ። አምበሏ ማሳኤ ካሳይ በቶኪዮው ጨዋታ 31 ዓመቷ ነበር። 31 ዓመት የሞላት፣ ለማግባት አስባ የነበረች፣ ዓለምን አንዴ ያሸነፈች ሴት ተገርፋ ሜዳ አትገባም። መርጣ ነው የገባችው። የከፈለችው ዋጋ ትልቅ መሆኑን ግን እቀበላለሁ። ባሏን ያስተዋወቋት ከኦሎምፒኩ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤይሳኩ ሳቶ ናቸው፤ እሷ የሰው ፊት የምታይበት ጊዜ አልነበራትማ።

የመጨረሻውን ጨዋታ ጽሑፉ «ሶቪየቶችን ደመሰሷቸው» ይለዋል። ውጤቱ 3 ለ 0 ነው፣ እውነት ነው። ዙሮቹ ግን 15 ለ 11፣ 15 ለ 8፣ 15 ለ 13 ናቸው። ሦስተኛውን እዩልኝ። ያኔ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የመታው ቡድን ብቻ ነበር። ጃፓኖች 14 ደርሰው አንዲት ነጥብ ቀራቸው። ያቺ አንዲት አልመጣ አለች። ሰርቩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሶቪየቶች አንድ በአንድ እየለቀሙ 13 ደረሱ። በቶኪዮ አካባቢ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች 66.8 በመቶው ይሄንን እያየ ነው። በዚያው ቀን ጃፓኖች እጅግ ይኮሩበት በነበረው በጁዶ ክፍት ምድብ በሆላንዳዊ ተሸንፈዋል፣ ስለዚህ ልብ ሁሉ እዚህ ነው። በመጨረሻ ነጥቧ የመጣችው በጃፓን ምት እንኳን አይደለም። የሶቪየት ተጫዋች እጅ መረቡን አልፎ ኳስ ነካ፣ ዳኛው ነፋ፣ አለቀ። መደምሰስ የሚባለው ይሄ አይመስለኝም። እንዲህ ሲሆን ታሪኩ ይበልጥ ይጥማል እንጂ አያንስም።

«አሰልጣኙ ሲሄድ ቡድኑ ወደቀ» የሚለው ግን በቀላሉ የሚታረም ነው። ዳይማትሱ ከሄደ በኋላ በ1968 ብር፣ በ1972 ብር፣ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ወርቅ። የሞንትሪያሉን ወርቅ ያገኙት አንድ ዙር እንኳን ሳይሸነፉ ነው። ሶቪየቶችን የረቱበት የመጨረሻው ዙር 15 ለ 2 ነው። እንዲያውም መደምሰስ የሚለውን ቃል ለዚህኛው ቢያስቀምጡት ጥሩ ነበር። አሰልጣኙ ሺጌዎ ያማዳ የሚባል ሌላ ሰው ነው። ጽሑፉ ለብሔራዊ ቡድኑ የሰጠው «258 ተከታታይ ድል»ም የብሔራዊ ቡድኑ ሳይሆን የፋብሪካው ክለብ ነው። እሱም ቢሆን የቆመው በ1966 ነው፤ ጋኔኑ ከሄደ በኋላም ማሸነፋቸውን ቀጥለው ነበር።

በኋላ ግን መውደቃቸው እውነት ነው። በ1984 ነሐስ አገኙ፣ በ2000 ለሲድኒ ሳያልፉ ቀሩ። ቀጣዩ ሜዳሊያ የመጣው በ2012 ለንደን ላይ ነው፣ ከ28 ዓመት በኋላ። ምክንያቱ ልጆቻቸው ስለተቀማጠሉ ነው? ሌላው ዓለም ተማረ እኮ። ቻይና ዳይማትሱን ራሱን በ1965 ጋብዛ ተጫዋቾቿን አሰልጥኖላታል። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ወርቁን ቻይና ወሰደች። ጸሐፊው ይሄን ቢያነሱት ኖሮ «አያችሁ፣ ጭካኔው ቻይናም ላይ ሠራ» ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ምናልባት። ግን ቻይና የወሰደችው ልምምዱን ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ከደመወዝና ከማረፊያ ጋር ተቀምጠው የሚለማመዱ ተጫዋቾች ነበሯት።

ቁመት ሰበብ ነው ባሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እንዲያውም ማስረጃ ልጨምርላቸው። ዮሺዬ ታኬሺታ ለአጥቂዎች ኳስ የምታመቻች የጃፓን ተጫዋች ነበረች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ59 ነው። የሴቶች መረብ ከፍታው 2 ሜትር ከ24 ነው። በ2006 የዓለም ሻምፒዮና የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላ ተመረጠች። ቡድኗ ሜዳሊያ ባያገኝም። የኔ አመቻች ከሷ በሁለት ጣት ትረዝማለች፤ ይሄን ነግሬያታለሁ፣ አላመነችኝም።

የቀረው «ሴት ልጆቻችን ተቀማጥለዋል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት እኔም እንደ ጸሐፊው ነበር የማስበው። ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሦስቴ የቀረ ይወጣል። ጎበዝ የግራ እጅ መቺ ነበረችኝ። ሦስት ቅዳሜ ቀረች። አስወጣኋት። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ ሰው ፊት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ መጣች። «ቲቸር፣ ስንቅ ላመጣ ሄጄ ነው እኮ» አለችኝ።

የገጠር ልጅ የሚያስተምር ሰው ይሄን ማወቅ ነበረበት። ልጅቷ ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ካንዱ የመጣች ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚማሩት። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ንጋት በእግር አገሯ ትሄዳለች። እሁድ እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን ተሸክማ ትመለሳለች። ቅዳሜ ካልሄደች ሳምንቱን የምትበላው የለም። በበርበሬ ለቀማ ጊዜ ደግሞ ቤተሰቦቿ ያስቀሯታል። እኔ ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ ፊሽካ ይዤ «ሥርዓት የላትም» ስል እሷ በዚያው ሰዓት ለእህል ስትል ስንት ሰዓት ተጉዛለች። ከተቀማጠልንስ የተቀማጠልኩት እኔ ነበርኩ፤ ሜዳው ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ቡድኑ ውስጥ መለስኳት፣ ልምምዱንም ከቅዳሜ አነሳሁት። ያን ዓመት የቀረ ተማሪ ብዙም አልነበረም።

ጸሐፊው ስለ ሥርዓት ያላቸውን ክብር አከብራለሁ። ክርክራችን በጽሑፍ ብቻ ባይቀር ደግሞ ደስ ይለኛል። በዚህ መስመር ወደ ባሕር ዳር ሲያልፉ ፍኖተ ሰላም ላይ ይውረዱና ልጆቹን ይዩዋቸው። አሁን የምንለማመደው ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው። መረቡን የምናስረው በሁለት ባሕር ዛፍ እንጨት ስለሆነ አንዱ ወገን ትንሽ ዝቅ ይላል፣ እንዳይገርምዎ። ኳስ ይዘው ቢመጡም አንጠላም። ያለን ሁለት ነው፤ አንዱ ይተነፍሳል።